ሊንኩ አለኝ ማለት ጽሁፉ አለኝ ማለት አይደለም

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለችው የኛ ሱቅ ስራዋ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ኮምፒውተር ጽሕፈት ምናምን ነው፣ ስለዚ የከተማችን ሰው ስልኩ ላይ ምን ምን አጠራቅሞ እንደሚዞር በደንብ አውቃለሁ (ሚስጥር አላወጣም፣ አትፍሩ)። ተማሪው ይመጣና "ጋሼ ይሄን ፕሪንት አርግልኝ" ይላል፣ ስልኩን ስቀበለው ያለው ጽሁፍ ሳይሆን ሊንክ ነው፣ ሊንኩን ስነካው ደግሞ ገጹ የለም ይላል። "ኧረ ባለፈው ወር አንብቤዋለሁ እኮ፣ ሴቭም አድርጌዋለሁ" ይለኛል። አልዋሸም፣ ሴቭ አድርጓል፣ ግን ሴቭ ያደረገው አድራሻውን ነው።

ከዛ ጥያቄው ይከተላል፣ "እና የቱ አፕ ነው የሚሻለው?" ሁሉም አንድ ስም ጠርቼ እንድገላግለው ነው የሚፈልገው። ድሮ እኔም ኤቨርኖት ብዬ እገላገል ነበር፣ አሁን ግን ሰው አስቀምጬ ነው የማስረዳው፣ ምክንያቱም "ሴቭ" ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ካልለየን የአፕ ስም መጥራቱ ጥቅም የለውም። ሁልጊዜ አንድ አይነት ነገር ስለምደጋግም ይኸው ጻፍኩት።

አፑ ምንም ይሁን ምን አንድን ድረ ገጽ የሚያስቀምጥላችሁ ከአራት መንገድ በአንዱ ነው። አንደኛው አድራሻውን ብቻ መያዝ ነው፣ ቡክማርክ የምንለው። አንድ ሰውዬ ቤቱ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከመስጊዱ ጀርባ ነው ተብሎ ወረቀት ላይ እንደመጻፍ ነው፣ ሰውየው ቤት ከለቀቀ ወረቀቱ ምንም አያደርግላችሁም። ድረ ገጽ ደግሞ ቤት የሚለቅ ነገር ነው፣ ፒው የሚባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2024 እንዳወጣው (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) በ2013 ከነበሩት ገጾች ውስጥ 38 ከመቶው ከአስር አመት በኋላ ሲፈለጉ የሉም። ያ እንግዲህ ትልቅ ትልቅ ድርጅት ገንዘብ አፍስሶ የሚያስተዳድራቸውንም ጨምሮ ነው፣ አንድ ልጅ ለጥቂት ወር ከፍሎ የከፈተውን ብሎግማ ተዉት።

ሁለተኛው መንገድ ጽሁፉን አጥቦ መውሰድ ነው። ማስታወቂያው፣ ሜኑው፣ ጎን ላይ የሚብለጨለጨው ነገር ሁሉ ተራግፎ ርእሱና ጽሁፉ ብቻ አፑ ውስጥ ይገባል። ሶስተኛው ገጹን እንዳለ መቅዳት ነው፣ በፒዲኤፍ ወይም ኤምኤችቲኤምኤል በሚባለው ፋይል፣ ይሄ የመጨረሻው ክሮም ስልክ ላይ ሶስቱን ነጥብ ነክታችሁ የዳውንሎዷን ቀስት ስትጫኑ የሚሰራው ነው፣ ከነስእሉ ይወርድና ዳታ ባይኖርም ይከፈታል። አራተኛው ሁላችንም የምናውቀው ስክሪንሾት ነው።

ስክሪንሾት ላይ ትንሽ ልናገር፣ ምክንያቱም የከተማው በሽታ ነው። ሰው አንድ ረጅም ጽሁፍ አስራ ሁለት ቦታ ቆራርጦ ያነሳና ከልጆቹ ፎቶ፣ ከደረሰኝና ከሰርግ ካርድ ጋር ጋለሪ ውስጥ ይቀብረዋል፣ ከዛ ሲፈልገው አውራ ጣቱ እስኪቃጠል ወደ ላይ ይጎትታል። ስክሪንሾት ለአይን ጽሁፍ ነው፣ ለስልኩ ግን ስእል ነው፣ የአማርኛ ቃል ጽፋችሁ ብትፈልጉ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ስእልን ወደ ጽሁፍ የሚቀይር ቴክኖሎጂ አለ፣ ቴሰራክት የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር አማርኛም ይችላል፣ ግን ፎቶው ትንሽ ካደበዘዘ ጰ ጳ እየተቀላቀለ ከማረም እንደገና መጻፍ ይቀላል። ደግሞ ቦታ ይበላል። እስቲ እናስላው፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ነው የሚይዘው (የእንግሊዝኛው 1 ነው)፣ አንድ ቃል በአማካይ አምስት ፊደል ብንል 1,000 ቃል ያለው የአማርኛ ጽሁፍ ወደ 16 ኪሎባይት ይሆናል ማለት ነው። አንድ ሜጋባይት የሚሆን አንድ ስክሪንሾት በያዘው ቦታ እንደዛ አይነት ስልሳ ጽሁፍ ይገባል። 32 ጊጋ ስልክ ይዛችሁ "ሚሞሪ ሞላብኝ" የምትሉ ይሄን አስቡት።

አሁን አፖቹ ጋ እንምጣ። የኖት አፖች (ማስታወሻ መጻፊያና ማጠራቀሚያ አፖች ማለቴ ነው) ክሊፐር የሚባል ነገር አላቸው፣ ብራውዘር ላይ የምትጭኗት ትንሽ ቁልፍ ናት፣ ያያችሁትን ገጽ ቆንጥራ ወደ አፑ ትወስዳለች። ችግሩ አንዱ ክሊፐር የሚወስደው ከሌላው አንድ አይደለም፣ ስሙ አንድ ስለሆነ ሰው አንድ ይመስለዋል። ለምሳሌ የማይክሮሶፍቱ ዋንኖት ምርጫ ይሰጣል፣ ሙሉ ገጽ ስትሉት ገጹን እንደ ፎቶ ነው የሚያነሳው፣ ስለዚ ያው ስክሪንሾት ሆነ፣ ጽሁፉን በጽሁፍነቱ የምትፈልጉ ከሆነ አርቲክል የሚለውን ነው መምረጥ ያለባችሁ። ኦብሲዲያን ደግሞ ጽሁፉን ልቅም አድርጎ ይወስዳል ግን ስእሎቹን እዛው ድረ ገጹ ላይ ትቶ አድራሻቸውን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ጽሁፉ አለ ስእሉ የለም። ስለ ኤሌክትሪክ ሰርኪዩት የሚያነብ ተማሪ ስእሉ ከሌለ ምን ሊያደርገው ነው? ስለዚ ዲያግራም ያለበትን በፒዲኤፍ፣ ወሬ የሆነውን በጽሁፍ፣ የኔ ልማድ እንደዛ ነው።

ስልክ ብቻ ያላችሁ (ብዙዎቻችን) ደግሞ ሌላ ነገር እወቁ። ክሊፐሮቹ የተሰሩት በዋናነት ለኮምፒውተር ነው። አንድሮይድ ላይ ያለው ክሮም ኤክስቴንሽን (እንደ ክሊፐር ያለ ብራውዘር ላይ የሚጫን ተጨማሪ ነገር) አይቀበልም፣ ሼር ብላችሁ ወደ ኖት አፕ ስትልኩ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ርእሱና ሊንኩ ብቻ ነው፣ እናንተ ግን ጽሁፉ የገባ መስሏችሁ ትዘጉታላችሁ። ፋየርፎክስ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ አንድሮይድ ላይ ኤክስቴንሽኖችን በሰፊው ከፍቷል፣ የኦብሲዲያን ክሊፐርም እሱ ላይ ይሰራል፣ ስለዚ ስልክ ላይ ክሊፐር የግድ ካላችሁ አንዱ መንገድ በፋየርፎክስ ነው። አይ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርግልኛል ካላችሁ የክሮም ዳውንሎድ አለ፣ ወይም ሼር፣ ከዛ ፕሪንት፣ ከዛ ሴቭ አስ ፒዲኤፍ። ብር አይጠይቅ፣ አካውንት አይጠይቅ።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ያለውስ? እውነቱን ለመናገር የኛ ሀገር ጥሩ ጥሩ ጽሁፍ ግማሹ እዛ ነው ያለው፣ ድረ ገጽ ላይ አይደለም። ፌስቡክ ሎጊን ስለሚጠይቅ ክሊፐሮቹ ብዙ ጊዜ ባዶ ገጽ ወይም የመግቢያውን ፎርም ነው ቆንጥረው የሚያመጡላችሁ። እዛ ጋ ብልሃት የለም፣ ጽሁፉን ኮፒ አድርጎ ኖት ላይ መለጠፍ ነው፣ ስትለጥፉ ግን ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው እና ሊንኩን ከላይ አስቀምጡ፣ አለበለዚያ ከስድስት ወር በኋላ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ወረቀት ነው የሚሆንባችሁ። የመመረቂያ ጽሁፍ የምትሰሩ ልጆች አማካሪያችሁ "ይሄን ከየት አመጣኸው" ሲላችሁ ታስታውሱኛላችሁ።

የቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ደሴ ውስጥ በጣም የታወቀው ኖት አፕ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም፣ ሰው ሳያውቀው እየተጠቀመበት ነው። ደግሞ ለክፉ አይሰጥም፣ ከቻናል ፎርዋርድ ያደረጋችሁት ጽሁፍ ዋናው ቢጠፋ እንኳን እናንተ ጋ ያለው ይቀራል፣ ፋይል ከሆነም እስከ 2 ጊጋ ያስቀምጣል። ሊንክ ብቻ ከላካችሁበት ግን ያው ሊንክ ነው። ሌላው ሰው የማያውቀው፣ ቴሌግራም ለረጅም ጊዜ ካልገባችሁ አካውንቱን ራሱ ያጠፋዋል፣ የወራቱ ብዛት ሴቲንግ ውስጥ አለ፣ ገብታችሁ ረጅሙን ምረጡ። እኔ ሴቭድ ሜሴጅን የምጠቀምበት እንደ መሶብ ሳይሆን እንደ ትሪ ነው፣ ቀን ያገኘሁትን እወረውርበታለሁ ማታ ቁጭ ብዬ የሚረባውን ወደ ቦታው አዛውራለሁ፣ የማይረባውን አጠፋለሁ። (ማታ ማታ ሁልጊዜ አደርገዋለሁ ካልኩ ውሸት ነው፣ አርብ አርብ።)

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። የሚቀመጠው የት ነው፣ ስልኬ ላይ ነው ወይስ የሆነ ሰርቨር ላይ? ብዙ ማነጻጸሪያ ይሄን ነገር በአንድ መስመር አልፎት ስለ ቀለሙና ስለ ዲዛይኑ ያወራል፣ ደሴና ኮምቦልቻ ለኖረ ሰው ግን ጉዳዩ እሱ ነው። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ (በኛ አቆጣጠር) ጦርነቱ ደርሶ ከተማውን ለቀን ስንወጣ እኔ ሰው ነው የያዝኩት፣ የሱቁን ኮምፒውተር አይደለም። ስንት አመት ያጠራቀምኩት ነገር፣ የደንበኛ ፋይል፣ የራሴ ጽሁፎች፣ ከኢንተርኔት ያወረድኳቸው ስለ ወሎ የተጻፉ ነገሮች፣ ሁሉም አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር። ታህሳስ ላይ ስመለስ ሃርድ ዲስኩም ኮምፒውተሩም ጠረጴዛውም የለም። ኢሜሌ ላይ የቀረ ስለነበረ ብቻ ትንሽ ነገር ተረፈ። ያኔ "ሁለተኛ! ከዚ በኋላ ሁሉም ነገር ክላውድ ላይ" ብዬ ማልኩ፣ ያለኝን ሁሉ ኦንላይን ብቻ የሚከፈት አፕ ላይ ገለበጥኩ።

ከዛ የ2015 ክረምት መጣ። በክልላችን ሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ የቀናት ነገር መስሎን ነበር ወራት ሆነ። ጽሁፎቼ አሉ፣ አልጠፉም፣ ሰላም ናቸው፣ አሜሪካ ይሁን አየርላንድ አንድ ሰርቨር ላይ ተመቻችተው ተቀምጠዋል፣ እኔ ደሴ ተቀምጬ አፑን ስከፍት ክብ ነገር ይሽከረከራል። የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ኢንስቲትዩቱ ተማሪ ናት፣ እሷም እንደኔው አንድ ሴሚስተር ሙሉ የሰበሰበችውን ኖት ኦንላይን ብቻ ነበር የያዘችው፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትፈልግ የከረመችውን እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚ ቁጭ ብዬ ሳስበው ሁለቱም ጊዜ ያጠፋሁት ጥፋት አንድ ነው፣ አንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጤ። እጃችሁ ላይ ያለ ኢንተርኔት የማይጠይቅ አንድ ኮፒ፣ ሩቅ ያለ ሌላ ኮፒ። አፕ ስትመርጡ ይሄን ሁለቱንም ካላሟላ ቀለሙ ቢያምር፣ ኤአይ ቢኖረው፣ ምን ቢባል ለኛ አይሆንም ባይ ነኝ።

ይሄ ሳያንስ ኩባንያው ራሱ ይዘጋል። ፖኬት የሚባለውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ በ2007 (ወደ ፈረንጁ ቁጥር ተመልሻለሁ) ሪድ ኢት ሌተር በሚል ስም የተጀመረ፣ በኋላ የፋየርፎክስ ባለቤት የሆነው ሞዚላ በ2017 የገዛው፣ ጽሁፍ አስቀምጦ በኋላ ለማንበብ ከሱ የተሻለ አልነበረም፣ ጁላይ 8 ቀን 2025 ተዘጋ። ዳታችሁን አውጡ ተባለና ሰው አወጣ፣ የወጣው ፋይል ምንድነው? የሊንክ ዝርዝር። ጽሁፎቹ የሉም። ዞሮ ዞሮ የኛው ተማሪ ችግር። ኦምኒቮር የሚባለው ደግሞ ነጻ ነበር፣ ጥሩ ነበር፣ በ2024 ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ሰራተኞቹ ወደ ሌላ ኩባንያ ሄዱ ተባለ፣ ኖቬምበር ላይ ሰርቪሱ ተዘጋ። ኤቨርኖት አልተዘጋም ግን ቤንዲንግ ስፑንስ የሚባል የጣልያን ኩባንያ ከገዛው በኋላ በ2023 መጨረሻ ነጻውን 50 ኖትና 1 ኖትቡክ ላይ ገደበው፣ 50 ማለት እኮ አንድ ተማሪ በሁለት ሳምንት የሚጨርሰው ነው። መክፈል ይቻላል ትሉ ይሆናል፣ በዶላር በየወሩ፣ የውጭ ክፍያ የሚያደርግ ካርድ ያለው ይክፈል፣ እኔ የለኝም። በነጻ የምንጠቀም ሰዎች ነጻው ሲጠብ መጀመሪያ የሚወጣብን እኛ ነን፣ ስለዚ ገና ስንገባ መውጫውን አይተን መግባት አለብን።

መውጫ ስል ኤክስፖርት ማለቴ ነው፣ ያስገባሁትን በሌላ ፕሮግራም በሚከፈት ፋይል መልሶ ይሰጠኛል ወይ? ኦብሲዲያን እዚህ ጋ ጥያቄም የለው፣ ምክንያቱም ገና ከመጀመሪያው ኖቶቹ ስልካችሁ ወይ ኮምፒውተራችሁ ላይ ተራ የጽሁፍ ፋይል ሆነው ነው የሚቀመጡት፣ ማርክዳውን ይባላል፣ ኩባንያው ነገ ቢዘጋ በኖትፓድ ትከፍቱታላችሁ። ጆፕሊን ክፍት ሶፍትዌር ነው፣ ኢንተርኔት ሳይኖር ይሰራል፣ ሲኖር ደግሞ ከድሮፕቦክስ ወይም ከዋንድራይቭ ጋር ራሱን ያመሳስላል፣ ከፈለጋችሁ ከናንተ በቀር ማንም እንዳያነበው ይቆልፈዋል፣ የኤቨርኖትንም ፋይል ተቀብሎ ያስገባል። ኖሽን በማርክዳውንና በኤችቲኤምኤል ያወጣል። ጉግል ኪፕ ቴክአውት በሚባለው የጉግል አገልግሎት በኩል ይወጣል፣ ዋንኖት ግን ስልክ ላይ ሆናችሁ ሁሉንም በአንዴ አውጣ ብትሉት ትደክማላችሁ።

ቀጥሎ ያለውን የሚጽፍ ብዙ አላየሁም፣ ለኛ ግን ሊዘለል አይችልም፣ በአማርኛ መፈለግ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ደንበኛዬ አሉ፣ ስለ ንጉሥ ሚካኤል፣ ስለ አይጠየፍ አዳራሽ፣ ስለ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተጻፈ ነገር ካገኙ አይለቁም፣ እኔው ነኝ ላፕቶፓቸው ላይ አፕ የጫንኩላቸው። አንድ ቀን ተናደው መጡ፣ "ልጄ ይሄ ነገርህ ጽሁፌን አጥፍቶብኛል!" ብከፍተው አለ። "አልጠፋም ጋሼ፣ እርስዎ የፈለጉት በንጉሡ ሠ ነው፣ ሰውየው የጻፈው በእሳቱ ሰ ነው" ስላቸው ንዴታቸው ወደ ሳቅ ዞረ፣ "እንዴት ንጉሡን በእሳቱ ይጽፈዋል!"

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ስንል አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሶስት የማይተዋወቁ ቁጥሮች ናቸው፣ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለእያንዳንዱ ፊደል የተስማሙበት የቁጥር ዝርዝር ነው) ሃሌታው ሀ 1200፣ ሐመሩ ሐ 1210፣ ብዙኃኑ ኀ ደግሞ 1280 ነው። ጎረቤታችንን ሐይቅን ተመልከቱ፣ አንዱ ሐይቅ ይላታል፣ ሌላው ሀይቅ፣ ሌላው ሃይቅ፣ አንዳንዱማ ኃይቅ፣ አንዱን ጽፋችሁ ስትፈልጉ ሶስቱን አታገኙም። ሥራና ስራ፣ ዓለምና አለም፣ ጸሎትና ፀሎት፣ ሁሉም ያው። ሁለተኛው ጣጣ አማርኛ ቃሉ ፊት ላይ ነገር መለጠፉ ነው፣ የሐይቅ፣ ከሐይቅ፣ ስለሐይቅ፣ በሐይቅና። አንዳንድ አፕ የሚፈልገው ከቃሉ መጀመሪያ ተነስቶ ስለሆነ ሐይቅ ብትሉት ሐይቅና ሐይቁን ያመጣና የሐይቅ የሚለውን ያልፈዋል፣ ኤቨርኖት በዚ ይታማል። ኦብሲዲያን ቃሉ መሃል ላይም ቢሆን ያገኘዋል። ጆፕሊን በራሱ ሲተው ሙሉ ቃል ነው የሚያየው፣ ግን ከምትፈልጉት ቃል በፊት ይቺን / ካስቀደማችሁለት መሃልም ገብቶ ይፈልጋል፣ ይቺን ነገር ሳላውቅ ስንት ጊዜ ሰደብኩት። አጻጻፉን ግን የትኛውም አያስታርቅላችሁም፣ ስለዚ እኔ የማደርገው እያንዳንዱ ኖት አናት ላይ አንድ የቁልፍ ቃል መስመር በራሴ አጻጻፍ እጽፋለሁ፣ ጸሐፊው እንዴትም ይጻፈው እኔ ሁልጊዜ በማስታውሰው ፊደል። መምህሩም አሁን በንጉሡ ሠ ይጽፋሉ፣ አንድም አላመለጣቸውም።

ሌላው የድሮ ፋይል ነው። ዩኒኮድ ግዕዝን ያስገባው በ1999 ነው፣ ከዛ በፊትና ከዛም በኋላ ለብዙ ጊዜ ሰው በድሮዎቹ የፊደል ሶፍትዌሮች ነበር የሚጽፈው፣ እንደዛ የተሰራ ፒዲኤፍ ለአይን አማርኛ ነው፣ ኮፒ አድርጋችሁ ስትለጥፉት የፈረንጅ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ድብልቅ ይወጣል። ስለዚ ማንኛውንም የአማርኛ ፒዲኤፍ ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ፣ አማርኛ ከወጣ ተባረኩ፣ ካልወጣ ግን ፋይሉን እንዳለ ያዙትና ርእሱን፣ ጸሐፊውንና ዋና ዋና ቃሎቹን እጃችሁ ጽፎ ከጎኑ ያስቀምጥ።

እና የቱን ልምረጥ? እሺ። ስልክ ብቻ ካላችሁና የምታስቀምጡት አጭር አጭር ነገር ከሆነ ጉግል ኪፕ ይበቃል፣ ቀላል ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል፣ ኢንተርኔት ሲመጣ ራሱን ያመሳስላል። ረጅም ጽሁፍ ግን አይወድም፣ አንድ ኖት ወደ 20,000 ፊደል ላይ ይቆማል፣ ረጅሙን በፒዲኤፍ አውርዱና ፎልደር ስሩለት። ላፕቶፕ ያላችሁ፣ በተለይ ተማሪዎችና የሚጽፉ ሰዎች፣ ኦብሲዲያን ወይም ጆፕሊን፣ እኔ ከሁለቱ ኦብሲዲያን ነኝ፣ የራሱ ማመሳሰያ በዶላር ስለሆነ አልከፍልም፣ በሳምንት አንዴ ፎልደሩን በዩኤስቢ ገመድ ወደ ስልኬ እገለብጣለሁ፣ አንድ ኮፒ ደግሞ ጉግል ድራይቭ ላይ። ያስቃል ግን ይሰራል። አይ እኔ ገመድ ምናምን አልወድም፣ ራሱ ይስራው የሚል ጆፕሊን ይሻለዋል። ኖሽን ቆንጆ ነው፣ በቡድን ለሚሰሩ ሰዎች ጠረጴዛውም ምኑም ደስ ይላል፣ ከ2025 ጀምሮ ገጽ እየመረጡ ያለ ኢንተርኔት መክፈትም ተችሏል፣ ግን መርጣችሁ ካላዘጋጃችሁት አይከፈትም፣ ኔትወርክ የሚጠፋበትን ቀን ደግሞ ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም። ዋንኖት በእጅ ለሚጽፍና ቢሮው ማይክሮሶፍት ለሚጠቀም ጥሩ ነው፣ በነጻ 5 ጊጋ አለው፣ ከዛ ውጪ እኔ አልገፋበትም።

የመረጣችሁትን አፕ አንድ ቀን ፈትኑት፣ ከዛ ነው መቶ ጽሁፍ የምታስገቡበት። አንድ የምትወዱትን የአማርኛ ጽሁፍ አስቀምጡ፣ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ አድርጉና ክፈቱት፣ ጽሁፉ እስከ መጨረሻው መምጣቱን፣ ስእሉም መኖሩን እዩ። ከዛ መሃሉ ላይ ካለ ቃል የ፣ ለ ወይም ከ የተለጠፈበትን መርጣችሁ ቅጥያውን ትታችሁ ፈልጉት። ከዛ ኤክስፖርት አድርጋችሁ የወጣውን ፋይል ሌላ ስልክ ላይ ክፈቱ። የአክስቴ ልጅ ይሄን ያደረገችው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትመጣ ታክሲ ውስጥ ነው፣ ኤርፕሌን ሞድም አላስፈለጋትም፣ ሐረጎ ዳገቱ ላይ ኔትወርኩ ራሱ ሲጠፋ ከሶስቱ አፕ ሁለቱ ወደቁ።

ሊንካችሁ ሞቶ የምትመጡም ሰዎች ተስፋ አትቁረጡ፣ ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባል ከ1996 ጀምሮ ድረ ገጾችን የሚሰበስብ በጎ አድራጎት ድርጅት አለ፣ ዌይባክ ማሽን የሚባለው ገጹ ላይ የሞተውን ሊንክ ስትለጥፉ አንዳንዴ የድሮው ኮፒ ይመጣል፣ እኔ ስንት ተማሪ አድኜበታለሁ። ያልሞተውንም እናንተ ራሳችሁ እዛው እንዲቀዳ ማዘዝ ትችላላችሁ፣ በነጻ ነው፣ ለመመረቂያ ጽሁፍ የምትጠቅሱትን ሁሉ ዛሬውኑ አስቀዱት።

አንዲት ነገር ቀረችኝ፣ እሷም የጂሜይል ጉዳይ ናት። ስልክ ስትገዙ ሻጩ ልጅ ራሱ ጂሜይል ከፍቶ ይሰጣችኋል፣ ፓስወርዱን እሱም አያስታውሰው እናንተም አታውቁት፣ ስልኩ ሲሰበር ወይ ሲጠፋ አዲሱ ላይ ሌላ ጂሜይል ይከፈታል፣ ኪፕ ላይ የነበረው ሁሉ የድሮው አካውንት ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ጉግል ደግሞ ሁለት አመት ያልተነካ አካውንት ሊያጠፋ እንደሚችል ከ2023 ጀምሮ በደንቡ ላይ አስፍሯል። ስለዚ አፕ ጫንልኝ ብላችሁ ስትመጡ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ እሱን ነው፣ ኢሜሉንና ፓስወርዱን ደብተር ላይ ጽፋችሁ ኑ፣ እኔ ጋ አይደለም የምትተዉት፣ ቤታችሁ።